በአራት መሳቢያ የተበተነ በሽታ

ከሁሉ በፊት ስህተቱ የኔ መሆኑን ልናገርና ይውጣልኝ። ሌላ ሰው ላይ ለማላከክ ያልሞከርኩት የለም። ሐኪሞቹን ረግሜያለሁ፣ ቦርዱን ረግሜያለሁ፣ አስም የሚባለውን ነገር ስሙ የተነሳበትን ቀን ሁሉ ረግሜያለሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ ግን የኔ ነው።

የምሠራው ሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ ነው። ሥራ ከጀመርኩ ዘንድሮ ሃያ ሁለት ዓመቴ። ሰው ታሞ ሲመጣ ፋይሉን እናወጣለን፣ ሲድን ወይም ሲሞት እንመልሳለን። የኔ ድርሻ ግን ፋይሉ ሳይሆን የበሽታ ማውጫው ነው። ምድር ቤት፣ ከግድግዳው ጋር የቆመ የእንጨት ቁም ሳጥን አለ፤ ከሀ ጀምሮ በፊደል ተራ የተደረደሩ ትንንሽ መሳቢያዎች አሉት። ታማሚው ከሆስፒታል ሲወጣ ሐኪሙ በመጨረሻው ገጽ ላይ የበሽታውን ስም ይጽፋል። እኔ ስሙን ወፍራም ካርድ ላይ እገለብጥና የታማሚውን ቁጥር ከሥሩ አስፍሬ በፊደሉ መሳቢያ ውስጥ እከታለሁ። ስሙ አዲስ ከሆነ አዲስ ካርድ፤ ከነበረ በነበረው ካርድ ላይ አንድ መስመር። አለቀ።

ሥራውን ያስተማሩኝ የቀድሞዋ አለቃዬ አንድ ሕግ ብቻ ነበራቸው። «ሐኪሙ የጻፈውን ጻፊ፤ ያሰብሽውን አትጻፊ። አንቺ ሐኪም አይደለሽም» ይሉኝ ነበር። ይቺን ሕግ እንደ ዓይኔ ብሌን ጠበቅኳት። ሐኪሙ አሳጥሮ ከጻፈ አሳጥሬ፣ አስረዝሞ ከጻፈ አስረዝሜ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቃል ከራሴ አልጨመርኩም፤ ባልደረቦቼ «መሳቢያ» ብለው ሲጠሩኝ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር። ምን ያህል ሞኝ እንደነበርኩ እዩት እንግዲህ።

እህቴ ደግሞ መኪና አስተማሪ ናት። እትዬ ነው የምላት፤ በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች፣ እናታችን ካረፈች በኋላም ያሳደገችኝ እሷው ናት። እኔ አርባ ሰባት ዓመት ሞልቶኝ፣ ሽበቴን ቀለም እየቀባሁ፣ ዛሬም «ሚጢጢ» ትለኛለች። ከተማሪው ጎን ተቀምጣ፣ እግሯን በራሷ በኩል ያለው ፍሬን ላይ አድርጋ፣ «ማርሹ ምን በደለህ? ቀስ በል እንጂ!» ስትል ድምጿ መንገድ ተሻግሮ ይሰማል። ይሰማ ነበር ልበል። ሳሉ ከያዛት ስምንተኛ ዓመቷ ነው። የሷ ሳል የሰው ሳል አይመስልም፤ ትልቅ ውሻ ነው የሚጮኸው። አዲስ ተማሪ ይደነግጥና መሀል መንገድ ላይ ፍሬኑን ይረግጠዋል። «እኔ ነኝ፣ ንዳ» ትለዋለች። ይሄን ስታወራ በሳቅ ትገድላችኋለች፤ ከሳቋ በኋላ ግን ትንፋሿን ለመመለስ ግድግዳ ትይዛለች።

ሰባት ዓመት ሙሉ አስም ነው ተባለች። በአፍ የሚነፋ መድኃኒት ሰጧት፣ ነፋች። ሌላ ቀየሩላት፣ እሱንም ነፋች። ሰባት ዓመት ሙሉ አየር ላይ እንደ መተኮስ ነው። ባለፈው ዓመት ብቻ በሳንባ ምች ሦስት ጊዜ ተኛች። በሦስተኛው ጊዜ አዲስ የተቀጠረች ቀዶ ሐኪም ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በጉሮሮዋ አስገብታ አየቻትና እኔንም ጠርታ ነገሩን በለስላሳ መጠጫ ቀሰም አስረዳችን።

«የአየር ቧንቧ እንዳይጣበቅ ዙሪያውን የሚይዙት ልም አጥንቶች አሉ» አለች። «የእርስዎ ለስልሰዋል። አየር ሲያስገቡ ይከፈታል፣ ሲያስወጡ ግድግዳው ይገጥማል። አክታው መውጫ ያጣና እዚያው ይመረቅዛል።» ቀሰሙን በሁለት ጣቷ ጭምቅ አደረገችው። «ከኋላ በኩል በመረብ ደግፌ ብሰፋው ይቆማል። ይሄን ሥራ ተምሬ ነው የመጣሁት።»

«ስሙ ማን ነው?» አለች እትዬ።

«ትራኪዮብሮንኮማላሺያ።»

እትዬ፣ «ይሄን ሁሉ ስም ተሸክሜ ነው ለካ ትንፋሽ ያጠረኝ» አለች። ሐኪሟ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ፊቷን ሰብሰብ አድርጋ፣ የሚቀጥለው ሳንባ ምች እንደ ሦስቱ ላይለቃት እንደሚችል፣ ቶሎ መሰፋት እንዳለበት ነገረችን። እትዬ የኔ እናትም አባትም ናት፤ ሌላ ሰው የለኝም።

ቀዶ ሕክምናው ግን እንዲሁ የሚጀመር አልነበረም። መረቡ መታዘዝ አለበት፣ ሰው መሠልጠን አለበት፣ የቀዶ ክፍሉ ለአንድ ሰው ሙሉ ቀን መለቀቅ አለበት። አዲስ አገልግሎት የሚፈቅደው የሆስፒታሉ የሕክምና ቦርድ ነው፤ ቦርዱ ደግሞ በሃያ ዓመት ውስጥ ቢያንስ አምስት ታማሚ ላልታየበት በሽታ አይፈቅድም። ስለዚህ ቦርዱ ለካርድ ክፍል ደብዳቤ ጻፈ፤ ደብዳቤው ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። «ባለፉት ሃያ ዓመታት በትራኪዮብሮንኮማላሺያ የታከሙ ስንት ናቸው?»

የ«ት»ን መሳቢያ ሳብኩ። ካርዱ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ እሱም በቀደም በገዛ እጄ ያሰፈርኩት የእትዬ ቁጥር። ከሱ ቀጥሎ ያለው ካርድ «ትራኪዮማላሺያ» ይላል። አየሁት። በዓይኔ በብረቱ አየሁት! ያልተጠየቅኩትን ምን አገባኝ ብዬ አልፌው ሄድኩ። «አንድ (1)» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ለገዛ እህቴ ስል እንኳ ቁጥር ባለመጨመሬ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የቦርዱ መልስ መጣ። አይፈቀድም። ምክንያት፦ የታማሚ ቁጥር አንድ።

ቀዶ ሐኪሟ ቢሮዋ ውስጥ ሁለታችንን አስቀምጣ ወረቀቱን አነበበችልን። አንብባ ስትጨርስ በንዴት ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «የሚገርመኝ እኮ» አለች፣ «ይሄ ያን ያህል ብርቅ አይደለም። አንዱ ትራኪዮማላሺያ ይለዋል፣ አንዱ ብሮንኮማላሺያ። ድሮ እዚህ የነበሩት ደግሞ የአየር ቧንቧ መልፈስፈስ ነበር የሚሉት። በሃያ ዓመት እንዴት አንድ ሰው ብቻ?»

ክው አልኩ። «ዶክተር፣ ቆይ እስቲ። እነዚህ ሁሉ አንድ ናቸው?»

«ቦታው ይለያያል። ላይኛው ቧንቧ ብቻ ሲሆን አንድ ስም፣ ታችኞቹ ሲሆኑ ሌላ፣ ሁለቱም ሲሆን የእህትሽ። ልም አጥንቱ ደህና ሆኖ የኋላው ግድግዳ ብቻ ወደ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ከመጠን ያለፈ የአየር መንገድ መጣበቅ የሚሉት አሉ። ለሚታፈነው ሰው ግን ምን ለውጥ አለው? ሁሉም ሲያስወጣ ነው የሚታፈነው። እኔም የምሰፋው ያንኑ ግድግዳ ነው።»

እትዬ ወደኔ ዞረች። ስታየኝ ሁሉም ነገር እንደገባት ከፊቷ አወቅኩ። «ሚጢጢ» አለች ቀስ ብላ፣ «አንዱን የጻፍሽው አንቺ ነሽ እንዴ?»

«እኔ ነኝ።»

ትሳደባለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «እና ምን ተገተርሽ? ሂጂ ቁጠሪ!» አለችኝ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። የ«ት»ን፣ የ«ብ»ን፣ የ«የ»ን፣ የ«ከ»ን መሳቢያ ሳብኩ። ትራኪዮማላሺያ፣ ሦስት ሰው። ብሮንኮማላሺያ፣ ሁለት። የአየር ቧንቧ መልፈስፈስ፣ አራት። ከመጠን ያለፈ የአየር መንገድ መጣበቅ፣ አንድ። ከእትዬ ጋር አሥራ አንድ። ሁሉም በኔ የእጅ ጽሑፍ፣ በቀጥታ መስመር፣ አንድም ስርዝ ድልዝ ሳይኖርበት። ፋይሎቻቸውን አወጣሁ። ግማሾቹ ላይ «ሞቷል»፣ «ሞታለች» የሚል ማኅተም ነበረበት። ማኅተሙን የምመታውም እኔ ነኝ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ አላፍርም።

አልቅሼ ሲወጣልኝ ደሜ ፈላ። ወደ አለቃዬ ሄድኩ፤ የአሁኑ አለቃዬ ጨዋ ሰው ነው፣ ግን ጥላውን የሚፈራ። «የፈረምሽው ወረቀት ተዘግቷል» አለኝ። «ቦርዱ እንደገና በደብዳቤ ካልጠየቀ ማስተካከል አይቻልም።»

«ቦርዱ የማያውቀውን እንዴት ብሎ ይጠይቃል?»

«አሠራሩ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?»

«አንተ ምንም አታድርግ» አልኩት። «እኔ ግን አሻፈረኝ።»

ቦርዱ የሚሰበሰበው ሐሙስ ጠዋት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሐሙስ ጠዋት አራቱን መሳቢያዎች ከቁም ሳጥኑ መዝዤ አወጣኋቸው። ካርድ ገልብጬ፣ ቅጂ አሠርቼ ብሄድ ይሻል ነበር የሚል ካለ፣ ቅጂ ለማሠራት የአለቃ ፈቃድ ያስፈልጋል ብዬ እመልስለታለሁ። መሳቢያ ለመንቀል ግን ማንም ፈቃድ ጠይቆ ስለማያውቅ የሚከለክል ሕግ የለም። በፋይል ጋሪ ጭኜ አሳንሰር ውስጥ ገባሁ። ፋይሎቹንም ከላያቸው ቆለልኩ። በሩ ላይ ያለችው ጸሐፊ «ስብሰባ ላይ ናቸው!» ብላ ተነሳች። «አውቃለሁ እኮ፣ ለዚያ ነው የመጣሁት» አልኳትና በጋሪው አፍንጫ በሩን ገፋሁት።

ስድስት ሰው ጠረጴዛውን ከቦ ተቀምጧል፤ ለሌላ ጉዳይ የተጠራችው ቀዶ ሐኪሟም አለች፣ ስታየኝ ዓይኗ ፈጠጠ። ሰብሳቢው የሆስፒታሉ አንጋፋ የሳንባ ሐኪም ናቸው። ፊታቸው ቀርቤ ተናግሬ አላውቅም ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

«ጌታዬ፣ አንድ ታማሚ ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ስህተት ነው። አሥራ አንድ ናቸው።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም።»

አንዱ የቦርዱ አባል ሳቀ፤ ሰብሳቢው አልሳቁም። ካርዶቹን አንድ በአንድ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። «እነዚህ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው» አሉ። «ይሄ የላይኛው ነው፣ ይሄ የታችኛው፣ ይሄኛው ጭራሽ የልም አጥንት አይደለም። አንቺ የካርድ ሠራተኛ ነሽ። ስሞች የሚለያዩት በምክንያት ነው።»

«እውነትዎን ነው፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም» አልኩ። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሐኪም አለመሆኔን ሲነግሩኝ ነው የኖርኩት፤ ለዚህም ነው ስሞቹን ለያይቼ ያስቀመጥኳቸው። እኔ ባልገባኝ ነገር ለያየኋቸው። እናንተ ግን ይገባችኋል። እስቲ ንገሩኝ፣ ከእነዚህ ሰዎች አየር ሲያስወጣ የማይታፈን አለ?»

ቀዶ ሐኪሟ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ «ለቀዶ ሕክምናው አንድ ናቸው። አሥራ አንዱንም በአንድ ዓይነት መረብ ነው የምሰፋቸው» አለች።

ከዚያ ያላሰብኩት ነገር ሆነ። ሰብሳቢው አንዱን ፋይል ከክምሩ ሳቡት። የአየር ቧንቧ መልፈስፈስ የሚለው ነው፤ የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት የተጻፈ። የመጨረሻውን ገጽ ገለጡ። እኔ የማን ጽሑፍ እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ የሁሉንም ሐኪም ጽሑፍ አውቃለሁ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ግን ዋጥኩት። እሳቸው ራሳቸው ረጅም ጊዜ አዩት። «የኔ ጽሑፍ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ምንም ልናደርግለት አልቻልንም ነበር። የአስም መድኃኒት ይቀጥል ብዬ ነው የሸኘሁት።» ማኅተሙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ልጅ እግር ነበር።»

ያን ዕለት ተፈቀደ። በወር አንድ ቀዶ ሕክምና፤ በሕይወት ያሉት ተፈልገው ይጠሩ፤ ተራው እንደ በሽታቸው ክብደት በቀዶ ሐኪሟ ይወሰን። እኔ ደግሞ በማግስቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፦ «ያለ ፈቃድ የመንግሥት ንብረት የሆኑ መሳቢያዎችን በማንቀሳቀስ።» ከጠረጴዛዬ በላይ በስፒል ለጠፍኩት። አለቃዬ «አንሺው፣ ሰው ያያል» አለኝ። ለጠፍኩት እኮ እንዲታይ ነው።

ሰዎቹን መጥራት የኔ ሥራ ሆነ። ከአሥሩ አምስቱ ሞተዋል። አንዱ ስልኩ አይሠራም፣ ባለበትም የሚያውቀው የለም። አራቱ አሉ። ሦስቱ ራሳቸው አነሱልኝ፤ ታመዋል ግን ይሠራሉ፣ ይሄዳሉ፣ አንደኛው እንዲያውም «አስም አይደለም እያልኩ ስጮህ እብድ ነው ተብያለሁ!» ብሎ ስልኩ ውስጥ ጮኸብኝ። ከሦስቱም የእትዬ ሕመም ይከፋል፤ ቀድማ የምትገባው እሷ ናት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ለአራተኛዋ ስደውል ባልዋ አነሳ። ግድግዳ ለሳኝ ነው፤ ከጀርባው ሲሚንቶ ሲፋቅ ይሰማኛል። ሚስቱን ላናግራት አልኩት።

«አታወራም» አለኝ። «ማለቴ፣ ዓረፍተ ነገር አትጨርስም። ሁለት ቃል ትልና ትቆማለች። ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው የምትተኛው፣ ከተጋደመች ትታፈናለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ምን አገኛችሁ? መድኃኒት ተገኘ?»

«መልሼ እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ያደረግኩትን ልንገራችሁ፤ ከጀመርኩ አይቀር። ለቀዶ ሐኪሟ በምሰጠው ዝርዝር ላይ ሦስት ሰው ጻፍኩ። የለሳኙን ሚስት ቁጥር ብጣሽ ወረቀት ላይ አድርጌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ከእትዬ በኋላ እጠራታለሁ፣ አንድ ወር ነው፣ አንድ ወር ምን አላት ስል ራሴን አታለልኩ። የመጀመሪያው ስህተቴ ሳላውቅ የሠራሁት ነበር። ይሄኛውን ግን እያወቅኩ ነው ያደረግኩት።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት እትዬ ጋ ሄድኩ። መኪናዋን ማስተማሪያ ሜዳው ጥግ ላይ አቁማ ተማሪ እየጠበቀች ነበር። ሁልጊዜ እንደማደርገው በተማሪው ወንበር ገባሁ፤ መሪ ይዤ የማላውቅ ሰው ነኝ፣ እሷም ሁልጊዜ ትቀልድብኛለች። ያን ዕለት አልቀለደችም። ከንፈሯ ጠቁሯል።

«ስንት ሰው ተገኘ?» አለችኝ።

«ሦስት።»

«ከአሥር ሦስት ብቻ ተረፉ?»

መሪውን ጨበጥኩ። ከተወለድኩ ጀምሮ ለእትዬ ዋሽቼ አላውቅም፤ የመዋሸት ሙያው የለኝም፣ ጆሮዬ ይቀላል። አየችኝ። «ሚጢጢ፣ ጆሮሽ ቀላ።»

አወጣሁት። ለሳኙን፣ ወንበሩን፣ ሁለት ቃል ብላ መቆሟን፣ ኪሴ ውስጥ ያለውን ብጣሽ። እየነገርኳት አለቀስኩ። «እትዬ፣ አንቺ ከሞትሽ እኔ ምን እሆናለሁ? እሷን አላውቃትም። አንቺን ነው የማውቀው!»

ልትመልስልኝ አፏን ከፈተች። ሳሉ ያዛት። ያ ሳል ሲይዛት ምንም ማድረግ አይቻልም፤ ጀርባዋን ይዤ ጠበቅኩ። ሲለቃት ላቧ በግንባሯ ይወርድ ነበር። ከዚያ በተጎሳቆለው ድምጿ እንዲህ አለችኝ።

«ባለፈው አንድ ብለሽ ስትጽፊ አላወቅሽም። ይቅር አልኩሽ፤ ቂምም አልያዝኩም። አሁን ሦስት ብለሽ ልትጽፊ ነው፣ አራት መሆናቸውን እያወቅሽ? ስሜን ተጠቅመሽ?»

«ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ለእኔ አትበይ! እኔ አልላክሁሽም።» ዳሽቦርዱን በመዳፏ መታችው። «ሰባት ዓመት ሙሉ የታፈንኩት ሰዎች ወረቀት ላይ ስላላዩኝ ነው። አንቺ ደግሞ ሌላዋን ከወረቀት ላይ ልታጠፊ? እንዲህ ተደርጎ ዳንኩ ብዬ እንዴት ልተነፍስ?»

«አንድ ወር ነው እኮ፣ እትዬ…»

«አንድ ወር ከሆነ እኔ እጠብቀዋለሁ። እኔ ተኝቼ አድራለሁ፤ እሷ ወንበር ላይ ናት። ደውዪ። እዚሁ፣ እያየሁሽ።»

ደወልኩ። እሷ አጠገቤ ተቀምጣ፣ እጆቿን አጣምራ፣ ልክ ተማሪ ወደ ኋላ ሲያቆም እንደምታየው እያየችኝ። ለሳኙ ነገርኩት። «ዛሬ እናምጣት?» ብቻ አለ።

የለሳኙ ሚስት በመጀመሪያው ወር ቀደመች። ቀዶ ሐኪሟ ፋይሏን አይታ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አላመነታችም። ሰብሳቢው ራሳቸው የቀዶ ክፍሉ በር ድረስ ሄደው እንደቆሙ ሰው ነገረኝ። እኔ ያኔ እትዬን እያስታመምኩ ነበር። የፈራሁት አልቀረም፤ በዚያው ወር ሦስተኛ ሳምንት ላይ አራተኛው ሳንባ ምች መጥቶባት ነበር። ኦክስጅን አፍንጫዋ ላይ ተደርጎ ተኛች። ማታ ማታ ቤት ስገባ በውስጤ ያቺን የማላውቃትን ሴትዮ እረግማታለሁ። ጠዋት ደግሞ ራሴን።

በዘጠነኛው ቀን ትኩሳቱ በረድ አለ። ያን ቀን የለሳኙ ሚስት በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍታ እትዬ ክፍል መጣች፤ ምስጋና ልታቀርብ ነው የመጣችው። ባልዋ ከኋላዋ ቆሟል፤ ሸሚዙ ላይ የደረቀ ሲሚንቶ አለ። የእትዬን እጅ ያዘች። ከዚያ ሴትዮዋ ባልዋን ዞራ አየችውና፣ «ስንት ጊዜ ነው ሸሚዝ ቀይረህ ና ያልኩህ፣ ሰው ጋ ስንሄድ እንኳ በዚህ ልብስ ትመጣለህ፣ እኔ እኮ ድምፄ ጠፍቶ ነው እንጂ ስድስት ዓመት ሙሉ ስለዚህ ሸሚዝ የምልህ ነበረኝ!» አለችው።

ሳታቋርጥ። አንድም ቦታ ሳትቆም። ለሳኙ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

እትዬ ከትራሷ ቀና አለች። «ድገሚው» አለቻት።

«ምኑን?»

«እስከ መጨረሻው ድረስ። ድገሚው፣ ልስማ።»

ሴትዮዋ ደገመችው፤ አሁን እየሳቀች፣ ሌላም ጨምራ። እትዬ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች፤ ከንፈሯ ከሴትዮዋ ጋር አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቀዶ ሐኪሟ መጣች። የእትዬን ደረት አዳመጠች፣ ራጅ አየች፣ ፊቷ ላይ ያ የማልወደው ነገር ነበር። «ሳንባዎ ገና ደክሟል» አለች። «ተራው የእርስዎ ነው፣ ግን ምናልባት የዚህን ወር አሳልፈን፣ ሌላ ሰው አስገብተን…»

እትዬ የኦክስጅኑን ቱቦ ከአፍንጫዋ አወረደችው። ሮጬ ልመልስ ስል በእጇ አቆመችኝ።

«ስሚኝ፣ ዶክተር» አለች፤ ትንፋሿ በየሁለት ቃሉ ይቆረጥ ነበር፣ ግን እስኪመለስ እየጠበቀች ትቀጥል ነበር። «ተራዬን የለቀቅኩት… ለሷ ነው። ለሞት አይደለም። ያቺ ሴትዮ… ባልዋን ስትሰድብ… ሰምቻታለሁ። እኔም የምሰድበው… ብዙ ሰው አለኝ። አሳልፈን… አትበይኝ። ቀኔን ንገሪኝ።»

ቀዶ ሐኪሟ እኔን አየችኝ። እኔ ደግሞ ብዕሬን ከኪሴ አወጣሁ።

«የሚመጣው ሐሙስ» አለች።

የተራ ዝርዝሩ ላይ ጻፍኩት፤ ከእትዬ ስም አጠገብ፣ አድምቄ።